ሊጋችንን ወደ ሜዳችን መልሱልን

ለክልላችን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለክልሉ ስፖርት ቢሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ዳር ለሚቆም ደጋፊ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የክልሉ አማተር ሊግ በአንድ ከተማ ተጠቃሎ እንዲካሄድ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና የውድድር ኮሚቴ አባላት፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ የስድስት ወረዳ አማተር ቡድኖች ቡድን መሪዎችና አምበሎች ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው ወደን አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በማህተም አስገብተናል። የመጀመሪያው «ተመርቷል» ተባልን። ሁለተኛውን ልንከታተል ስንመጣ የተመራለት ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ሦስተኛው የት እንደገባ መዝገብ ቤትም አያውቅም። አራተኛውን ለእናንተም ለሕዝቡም እኩል ብናደርሰው ቢያንስ አይጠፋም ብለን ነው።

የክልላችንንም የከተሞቻችንንም ስም ሆን ብለን ትተነዋል። አንድን ሰው ለማሳጣት አልተነሳንም። ደብዳቤው እጃችሁ ሲገባ ስለማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሌላ ክልል ያለ አንባቢ «ይሄማ የእኛው ነው» ቢልም አይከፋንም።

መጀመሪያ ስለ ራሳችን እንናገር። ይህን የምጽፈው እኔ በምመራው ቡድን ውስጥ 22 ተጫዋቾች አሉ። አምበላችን ፀጉር ቆራጭ ነው። ሁለቱ ተከላካዮች ባጃጅ ይነዳሉ። አንደኛው የራሱን ነው፣ ሌላኛው የቀን ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል። የመሀል ሜዳው ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። በረኛችን 12ኛ ክፍል ነው። ደመወዝ የለም። የፊርማ ገንዘብ የሚባለውን በሬዲዮ ነው የምንሰማው። በፊፋ ደንብ አማተር የሚባለው ለኳሱ ካወጣው ወጪ በላይ የማይከፈለው ተጫዋች ነው። የእኛ ልጆች ግን ወጪያቸውንም አያገኙም፤ ታኬታ የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። ከአማተር በታች ያለው ደረጃ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

እስከ ዓምና ሊጉ እንዲህ ነበር። አሥራ ሁለት ቡድኖች በሁለት ምድብ ይከፈላሉ። በየምድቡ ስድስት ሆነን በደርሶ መልስ እንጫወታለን። ለአንድ ቡድን አሥር ጨዋታ ይደርሰዋል፤ አምስቱ በሜዳው፣ አምስቱ ከሜዳው ውጪ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ በየሁለት ሳምንቱ። ልጁ ዓርብ ሥራው ላይ ይውላል። ቅዳሜ ሌሊት ቅጥቅጥ እንሳፈራለን፣ ማታ እንመለሳለን። ሰኞ ጠዋት እግሩን እያነከሰም ቢሆን ሥራው ይገባል።

የሜዳ ጨዋታ ለእኛ ምን እንደሆነ ቢሮ ተቀምጦ ማየት ያስቸግር ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ሜዳችን አጥር የለውም። ዙሪያውን ገመድ እንዘረጋለን። መግቢያው 10 ብር ነው። በገመዱ ሥር ሾልኮ የሚገባው ሕፃን ከከፋዩ ይበልጣል፤ እሱንም አይተን እንዳላየን እናልፋለን፤ ነገ የእኛው አጥቂ ነዋ። በዕረፍት ሰዓት የበግ ዕጣ ይወጣል። ከመግቢያውና ከዕጣው የተገኘው ብር የሚቀጥለውን ጉዞ የመኪና ኪራይ ይሸፍናል። ሻይና ቆሎ የሚሸጡት እናቶች ቅዳሜን ይጠብቃሉ። ዋናው ዳቦ ቤት ሁለት ዓመት ማልያ ገዝቶልናል፤ ስሙ ጀርባችን ላይ ተጽፎ የከተማው ሰው ስለሚያየው። ዘንድሮ ሄጄ ስጠይቀው «ማን ሊያየው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውሳኔው የደረሰን በግንቦት አጋማሽ፣ ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ነው። ሊጉ ዘንድሮ ለምን እንዳልጀመረ ከኅዳር ጀምሮ ስንጠይቅ «ፕሮግራም እየወጣ ነው» ስንባል ቆይተናል። ፕሮግራሙ የወጣው በአንድ ፎቶ ነበር፤ ግማሹ ፊርማና ማህተም፣ ግማሹ ጥላ። ሁሉም ቡድኖች በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። ቅዳሜ ዕጣ ይወጣል። ሰኞ ጨዋታ ይጀመራል። በአንድ ሜዳ በቀን ሦስት ጨዋታ፤ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓት፣ 9 ሰዓት። አንድ ቡድን በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ አለ። በአጠቃላይ 16 ቀን። የወደቀውም ቡድን ቢሆን ለመዝጊያው ሰልፍ መገኘት አለበት፣ ካልተገኘ ይቀጣል። ለሰልፍ ነው እንግዲህ የምንቀጣው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዓምና አንድ ልጅ በምድብ ጨዋታ 900 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይቆይ ነበር። ዘንድሮ 450 ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ በአሥር ቀን አለቀለት። በሜዳችን የተጫወትነው ደግሞ ዜሮ ነው። አስተናጋጁ ቡድን ግን አምስቱንም በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት ተጫውቶ ማታ እቤቱ ይተኛል። ይህን ስንል በልጆቹ ላይ ቂም የለንም። ጥሩ ተጫውተዋል። እኛም በየቤታችን ብንተኛ ጥሩ እንጫወት ነበር ለማለት ነው።

ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ፕሪሚየር ሊጉም እንዲህ ነው የሚጫወተው» የሚል ነበር። እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ በየተራ ተካሂዷል። ግን እዚያ ምክንያት ነበረው። ኮሮናው አለ። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭቱ በዲኤስቲቪ ጀመረ፤ ካሜራና መኪና በየከተማው ማንከራተት አይቻልም። ክለቦቹ የቴሌቪዥን ገንዘብ ያገኛሉ፣ ሆቴል ይከፍላሉ፣ ተጫዋቹ በየወሩ ደመወዝ አለው። የእኛ ልጅ የሚከፈለው ፀጉር ሲቆርጥ ነው። ካልቆረጠ የለም። የእኛን ጨዋታ የቀረጸ ካለም የግራ መስመር ተከላካያችን እህት ናት፤ በስልኳ፣ እሱም ባትሪው እስኪያልቅ። ከፕሪሚየር ሊጉ የተወሰደው ችግሩ ብቻ ነው፤ ገንዘቡና ካሜራው እዚያው ቀርቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የመንገድ ሁኔታ ነበር። ይህን አንክድም። ከአሥራ ሁለቱ ቡድኖች ሁለቱ ያሉበት መንገድ ዘንድሮ አስተማማኝ አልነበረም። የማንም እናት ልጇን ለኳስ ብላ እዚያ መንገድ ላይ እንድትሰደው አንጠይቅም። ግን ችግሩ የሁለት ቡድን ነው። የቀረነው አሥር ቡድኖች እርስ በርስ ስንተያይ፣ የሚበዛው መንገድ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። ለሁለቱ መፍትሔ መፈለግ ሲቻል አሥራ ሁለቱንም ከቤት ማፈናቀል ምን ይሉታል?

አሁን እዚያ ከተማ ስለቆየንበት 16 ቀን ልንገራችሁ።

የተኛነው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ፍራሽ አነጠፍን። አንድ ክፍል ውስጥ 24 ሰው። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ትመጣለች። ወረዳችን የሰጠን ድጎማ ለሰባት ቀን ምግብ በቃ። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ምግብ ቤት በዱቤ አበላን። ለዋስትና መታወቂያዬንና ሙሉ የክት ማልያችንን አስያዝኩ። ባለቤቷ ደግ ሴት ናቸው፤ ጨዋታ ባለን ቀን ማልያውን ያውሱኝና ማታ ታጥቦ ይመለሳል። እኚህ ሴትዮ ዘንድሮ ለክልሉ እግር ኳስ ካደረጉት በላይ ያደረገ ተቋም ካለ ስሙን ጻፉልንና እናመስግነው።

አምበላችን ሲመለስ የሚሠራበት ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ አገኘ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለት ሳምንት ደንበኛ መመለስ አይችልም። የባጃጁ ልጅ የ16 ቀን ገቢ ዕዳ አለበት። በረኛችን ሞዴል ፈተና ስለደረሰበት በሦስተኛው ጨዋታ ማግሥት ጥሎን ሄደ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቢሆን ሂድ ነው የምለው። የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች በር ላይ የቆመው የመሀል ሜዳው አስተማሪ ነው። ስንት ጎል እንደገባብን ውጤቱ እናንተ ጋ አለ።

ከስድስታችን የአንደኛው ቡድን ጉዳይ ይባስ። ለመጨረሻ ጨዋታው ስምንት ሰው ብቻ ይዞ ገባ። ሌሎቹ ወይ ታመዋል፣ ወይ ሥራቸው አስጠርቷቸዋል። ሁለት ልጆች ሲጎዱ ስድስት ቀሩ። ሕጉ ከሰባት ሰው በታች ጨዋታ አይቀጥልም ይላል፤ ዳኛው አቆመው። ዳኛው ልክ ነው። ፎርፌውንም ተቀብለናል። ያልገባን ከሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ነው። «ውድድር በማቋረጥ» ቡድኑ በገንዘብ ተቀጥቷል። ልጆቹ እኮ አላቋረጡም። አለቁ እንጂ።

ስለ 7 ሰዓቱ ጨዋታ። ከተማው ቆላ ነው። በዚያ ሰዓት ከብትም ጥላ ይፈልጋል። አምበሎቹ ዳኛውን ለውሃ አንድ ደቂቃ ጠየቁ። የጨዋታው ሕግ ይፈቅዳል፤ ለመጠጥ እስከ አንድ ደቂቃ፣ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ ከደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ዕረፍት ይሰጣል። የጨዋታው ኮሚሽነር ከዳር ሆነው «የ9 ሰዓቱ ይዘገያል» አሉ። በዚያ ጨዋታ ሦስት ልጆች በቁርጠት ወጡ። የ9 ሰዓቱም ዘገየ።

ከሁሉ የከበደን ነገር ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ጨዋታ ሁለት ልጆች በአየር ላይ ኳስ ሲሻሙ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንደኛው የእኛ ነው። ወድቆ አልተንቀሳቀሰም። ወጌሻችን ውሃና ስፕሬይ ይዞ ሮጠ፤ ከዚያ ሌላ የያዘው የለም። አምቡላንስ ስንል «ወላድ ይዞ ወጥቷል» ተባልን። ወላድ ትቅደም፣ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ላይ «አምቡላንስ በሜዳ ይቆማል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ልጁን በባጃጅ ወሰድነው። የነዳው ተከላካያችን ነው፤ ከነታኬታው። ሦስት ሰው ደግፎት፣ እኔ አንገቱን ይዤ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እየጮህኩ። አንገቱ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ የጨረስነው እኛው ነበርን። ይህን ኋላ ላይ ነው ያወቅሁት። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። ያንን ቀን ግን እስከ ዛሬ አያስታውሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። የተረፈው ደረቱን መጫን የሚያውቁ ሰዎችና የልብ ማስነሻ መሣሪያ እዚያው አጠገቡ ስለነበሩ ነው። እኛ መሣሪያውን አልጠየቅንም። ደረት መጫን፣ አንገት መያዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ሜዳ ዳር ይኑር ነው ያልነው። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። አንድ ደብዳቤና ሁለት ቀን ይበቃል።

ስለ ሜዳው ብዙ አልልም። የመክፈቻው ንግግር 40 ደቂቃ ፈጀ። ተጫዋቾቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ መሆናችን ተነገረ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ማንሳታችን ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። ንግግሩ ሲያልቅ ግን የጎሉ መረብ አልታሰረም ነበር። በሲባጎ አሰርነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ኳስ በመረቡ ቀዳዳ አልፋ ወጣችና ረዳት ዳኛው የመልስ ምት ብሎ ባንዲራውን አነሳ። ጎሏን በዓይኑ ያየ ሺህ ሰው አለ። አልጸደቀችም። ተጎጂዎቹ እኛ ብንሆን አልቅሼ እጽፍላችሁ ነበር። ተጠቃሚዎቹ እኛ ነበርን፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ወደ ቴሴራው፣ ማለትም ወደ ተጫዋቹ የምዝገባ መታወቂያ፣ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

የውድድር ደንባችሁ ምዝገባ የሚዘጋው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ነው ይላል። በሦስተኛው ጨዋታ ተጋጣሚያችን ሦስት አዲስ ተጫዋቾች አሰለፈ። በምድቡ የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች አልነበሩም። አንደኛውን እናውቀዋለን፤ ከእኛ ከፍ ባለው አንደኛ ሊግ ሲጫወት የነበረ ልጅ ነው። ቴሴራቸውን ስናይ ማህተሙ ገና አልደረቀም፤ አውራ ጣቴን አቆሸሸኝ። በደንቡ መሠረት ጨዋታው ካለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የክስ ማስያዣውን ከፍለን ክስ አስገባን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ደረሰኙ ያለበት ቁም ሣጥን ተቆልፏል» ተባልን። መልሱ የመጣው ዋንጫው ከተሰጠ ከሃያ ቀን በኋላ ነው። አንድ መስመር ናት፤ «ክሱ ተቀባይነት አላገኘም»። ለምን? የለም። ማስያዣውስ? የለም። ተሳስተን ከሆነ ስህተታችንን ንገሩን፣ እንማርበት። ዋንጫ ከተነሳ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ግን ለማን ይጠቅማል?

የቴሴራው ነገር ከአንድ ጨዋታ በላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጃችንን ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ ወሰደው። ደስ ብሎን ሸኘነው፤ በግ አርደን። ከ13 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ እኛ ጋ ነው ያደገው። የመጀመሪያ ታኬታውን ጫማ ሰፊው በነፃ ነው የሰፋለት። ይህ ልጅ ነገ ሳላዲን ሰይድና ሽመልስ በቀለ ግብፅ፣ ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ እንደተጫወቱት ወደ ውጭ ቢሄድ ምን ይሆናል? በፊፋ ደንብ ክለብ ለክለብ ከሚከፈለው የዝውውር ገንዘብ 5 በመቶው ተቀንሶ ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚህ ሌላ የሥልጠና ካሳ የሚባልም አለ። ከ2022 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፊፋ ይህን የሚያከፋፍል ድርጅት ፓሪስ ላይ አቁሟል። ድርሻው የሚሰላው ልጁ በየትኛው ዓመት የት ተመዝግቦ እንደነበር ታይቶ ነው። የተመዘገበ ነገር ከሌለ ድርሻ የለም።

የእኛ ልጅ የት ተመዘገበ? ቴሴራው ላይ ነበር። ቴሴራውን በየዓመቱ መጨረሻ እናንተ ትሰበስባላችሁ። የ2012 እና የ2013 ዓ.ም. ቴሴራዎች የት እንዳሉ ስንጠይቅ «ቢሮ ስንቀይር ካርቶኑ…» ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። እኛ ሀብታም እንሆናለን ብለን አይደለም። ከዚያች 5 በመቶ የምትደርሰን ፍርፋሪ ለአንድ ወረዳ ቡድን የአሥር ዓመት ኳስ ናት። የጠፋችው በካርቶን ነው።

ስለ ዳኞቹ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ነውር ነው። ደጋፊው ይሰድባቸዋል፣ እኛም በንዴት ተናግረናቸዋል። ነገር ግን አንድ ዳኛ 4 ሰዓት ላይ መሀል ዳኛ ሆኖ፣ 9 ሰዓት ላይ ያው ሰው መስመር ላይ ባንዲራ ይዞ አይተነዋል። ውሎ አበላቸው ውድድሩ እስኪያልቅ አልተከፈለም። ባዶ ኪስ ያለው ዳኛ ምሳ ሲጋበዝ እምቢ ማለት ይከብደዋል። የጋበዛቸው ደግሞ ከተማው ነው፤ አስተናጋጁ ቡድን ያለበት ከተማ። በጨዋታው ላይ ለውጥ አምጥቷል አንልም። ማስረጃ የለንም። ሐሜቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ሐሜቱን የፈጠረው ያልተከፈለው አበል ነው።

የሴቶቹን ጉዳይ ደግሞ በሁለት መስመር። ከስድስታችን ሦስቱ የሴቶች ቡድን አስመዝግበናል፣ የምዝገባ ክፍያም ተቀብላችሁናል። «ቡድን አልሞላም» ተብሎ ውድድሩ ቀረ፤ ክፍያው አልተመለሰም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሊጉ ወደ ደርሶ መልስ ይመለስ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ ተቀራራቢ ከተሞች አራት አራት ሆነው ይመደቡ፣ በየሜዳቸው ይጫወቱ፤ አንድ ላይ የሚሰበሰቡት ከየምድቡ ያለፉት ብቻ ይሁኑ። መንገዳቸው ያልተረጋጋ ሁለቱ ቡድኖች የት ቢጫወቱ እንደሚሻል ለራሳቸው ይጠየቁ፤ እነሱን ለማስተናገድ ከስድስታችን አራቱ ፈቃደኞች ነን፤ ማደሪያውንም እንችላለን።

ፕሮግራሙ መስከረም ላይ ይውጣ። ከሚያዝያ በኋላ ጨዋታ አይኑር፤ ተማሪው ፈተና አለበት፣ የገበሬው ልጅ እርሻ አለበት፣ ሜዳውም ሰኔ ሲገባ ጭቃ ነው። በ7 ሰዓት ጨዋታ አይመደብ።

ተጎጂ የሚያደርስ መኪና ሜዳ ዳር ሳይቆምና የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው ሳይኖር ዳኛው ፊሽካ እንዳይነፋ በደንቡ ላይ ይጻፍ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ለሥልጠና ለመላክ ዝግጁ ነን።

የተመዘገቡ ተጫዋቾች ዝርዝር ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለሁሉም ቡድን ይሰጥ። የቴሴራ ቅጂ እኛም ጋ ይቅር። የጠፉት ዓመታት መዝገብ ከቡድኖቹ ጋር ተቀምጠን እንደገና ይሠራ፤ ፎቶዎቹም የተጫዋቾች ዝርዝርም በእጃችን አሉ፣ እናመጣለን። ክስ የሚቀጥለው ጨዋታ ከመድረሱ በፊት ከነምክንያቱ ይወሰን። ለከፈልነው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጠን።

የዳኞች አበል በዕለቱ ይከፈል። የሴቶቹ የምዝገባ ክፍያ ይመለስ፣ ወይም ውድድሩ ይካሄድ። የሴቶቹ ምርጫ ውድድሩ ነው፤ ጠይቀናቸዋል። በስድስት ሰው የቀረው ቡድን ላይ የተጣለው የገንዘብ ቅጣትም ይነሳ።

መልሱን በጽሑፍ፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት እንጠብቃለን። ስብሰባ ከጠራችሁንም እንመጣለን፤ ቅዳሜና እሁድ ቢሆን ይሻለናል፣ በሌላው ቀን ሥራ ላይ ነን። መልስ ካልመጣ ስድስታችንም ለምዝገባ አንቀርብም። በዚህ ላይ ተነጋግረን ተፈራርመናል። በዚያን ጊዜ እርስ በርሳችን በየሜዳችን እንጫወታለን። ዳኛ ከመሃላችን አይጠፋም፣ ገመዱም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

የስድስት ወረዳ አማተር ቡድኖች ቡድን መሪዎችና አምበሎች
በእነሱ ስም ደብዳቤውን የጻፈው፦ የአንደኛው ቡድን መሪ፣ መታወቂያው እስከ ዛሬ ምግብ ቤት የተያዘበት